ሆቴሉ ሳይዘጋ እንዴት ይታደሳል?

ሆቴልን ዘግቶ ማደስ ቀላል ነው። ግን ብዙው ባለቤት አቅሙ አይፈቅድለትም። የባንክ ብድር ክፍያ ወር ጠብቆ ይመጣል። ሠራተኛው ደሞዝ ይፈልጋል። ለዓመታት የሚመላለስ ደንበኛም ሦስት ወር ሌላ ቦታ ካደረ እዚያው ሊለምድ ይችላል። ስለዚህ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ፎቅ በፎቅ ይታደሳል።

ይህን ሥራ ከውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ። በደንብ የሄደበትንም፣ እንግዳ በሌሊት ሻንጣውን ይዞ የወጣበትንም። የምጽፈው ለመካከለኛ ሆቴል ነው። ከ40 እስከ 60 ክፍል፣ 4 ወይም 5 ፎቅ፣ አንድ ሊፍት። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሕንፃውን ሁለት ቤት አድርጉት። አንዱ ቤት ሆቴል ነው፣ ሌላው ሳይት፣ ማለትም የግንባታ ቦታ ነው። ሁለቱ ቤቶች በር አይጋሩም። ደረጃ አይጋሩም። ውሃ፣ መብራት፣ ቁልፍ አይጋሩም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን መለያየት እንዴት እንደምታመጡት ነው። ችግር ሲፈጠር ካያችሁም ሁለቱ ቤቶች አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ያን ቦታ ፈልጉት።

1. የእንግዳችሁን ዓመት እወቁ

"ክረምት ባዶ ነው፣ ክረምት እንሥራ" ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ዲያስፖራው ከነልጆቹ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ሐዋሳ ላይ ሐምሌ 19 ለገብርኤል ከተማው ይሞላል፤ ታኅሣሥ 19 ደግሞ ይደገማል። አክሱም ኅዳር 21 ጽዮን አለ። ላሊበላ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጎንደር ጥር 11 ጥምቀት። አዲስ አበባ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ። በእነዚህ ሳምንታት አንድ ክፍል እንኳ ዝግ መሆን የለበትም።

አዳራሽ ያለው ሆቴል ደግሞ ሌላ ወቅት አለው። ሠርግ የሚበዛው ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በኦርቶዶክሱ ዘንድ ሠርግ የለም። የአዳራሹን ኮርኒስና ወለል ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኙም።

ክረምት ሌላም ጣጣ አለው። ልስን ቶሎ አይደርቅም። የውጭ ቀለም በዝናብ አይያዝም። እኔ የምመክረው የውስጡን በክረምት፣ ጣሪያውንና ግድግዳውን ከጥቅምት በኋላ ነው። ግን የሌላ ሰው ምክር ከራሳችሁ መዝገብ አይበልጥም። ያለፉትን 2 ዓመታት ሽያጭ በሳምንት በሳምንት አውጡና ደርድሩት። ባዶዎቹ ሳምንታት ራሳቸው ይታያችኋል።

2. ስንት ክፍል መዝጋት እንደምትችሉ አስሉ

48 ክፍል አላችሁ እንበል። 4 ፎቅ፣ በየፎቁ 12። አንድ ፎቅ ስትዘጉ 36 ይቀራል። 36 ማለት የ48 ሦስት አራተኛ ነው፤ 75 በመቶ። በዚያ ወር ሆቴላችሁ 60 በመቶ ብቻ የሚሞላ ከሆነ በቀን 29 ክፍል ነው የምትሸጡት። ስለዚህ አንድ ፎቅ መዝጋታችሁ ከሽያጩ ምንም አያጎድልም። "በየቀኑ 12 ክፍል እየከሰርኩ ነው" ብሎ የሚጨነቅ ባለቤት ብዙ ጊዜ ይህን ሒሳብ አልሠራውም።

ነገር ግን የሚሰበርበት ጊዜ ሲሆን አንድ ፎቅ አይበቃም። ኮንክሪት ላይ የሚሠራ ድሪል ድምፁ በአየር ብቻ አይሄድም። በራሱ በሕንፃው አካል ውስጥ ያልፋል። ከሁሉ የሚጎዳው በቀጥታ ከሥሩ የተኛው ሰው ነው። ስለዚህ 4ኛውን ስትሰብሩ 3ኛውም ባዶ ይሁን። 24 ክፍል ይቀራችኋል፤ 50 በመቶ። የመስበሩን ሥራ ከ50 በመቶ በታች በምትሞሉበት ሳምንት ላይ ጣሉት። ሲያልቅ 3ኛውን እንደገና ሽጡት። ሴራሚክ መለጠፍና ቀለም መቀባት የሰበራን ያህል አይጮህም።

ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ፍርስራሽም፣ አቧራም፣ ያመለጠ ውሃም ወደ ታች ነው የሚሄደው። ከታች ከጀመራችሁ ያሳመራችሁትን ታቆሽሻላችሁ። ሌላም ጥቅም አለው። ከላይኛው ፎቅ በላይ የሚተኛ ሰው የለም። መካከለኛው ፎቅ ላይ ስትደርሱ ግን ከላይም ከታችም እንግዳ አለ። ለእሱ ከሁሉ ባዶ የሆኑትን ቀናት አስቀሩለት። ያሉትን እንግዶችም ወደ ሌላኛው የኮሪደር ጫፍ ውሰዱ።

3. ፈቃድና ኢንሹራንስ

ቀለምና ምንጣፍ ብቻ ቢሆንም ለክፍለ ከተማችሁ ወይም ለወረዳችሁ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። ግድግዳ የሚነሳ ከሆነ ያለ መሐንዲስ እጃችሁን አታንሱ። ከኢንሹራንስ ጋር ያላችሁን ውልም አውጥታችሁ አንብቡ። እድሳት መኖሩን በጽሑፍ ያላሳወቀ ሰው ካሳ ሲጠይቅ ሊቸገር ይችላል። የኮከብ ደረጃ ያላችሁ ደግሞ ከመስበራችሁ በፊት መስፈርቱን ከአዲሱ ዲዛይን ጋር አስተያዩ።

4. ዕቃው ግቢ ሳይገባ አትስበሩ

ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። ሴራሚኩ፣ የሽንት ቤት መቀመጫው፣ ሻወሩ፣ የበሩ ቁልፍ፣ ሁሉም ስቶር ውስጥ ይቆጠር። የውጭ ዕቃ ምንዛሪና ጉምሩክ አለበት። "በሁለት ሳምንት ይገባል" የተባለ ዕቃ ሁለት ወር ሲፈጅ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ 12 ክፍል ግድግዳው ተላጦ ቆሟል።

ሴራሚክ ስትገዙ ለሁሉም ፎቅ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ምርት ቁጥር ግዙ። ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ የሚለያይ አለ። ለስብራትና ለወደፊት ጥገና ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሩ።

ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ ሥሩ። ናሙና ክፍል። ስንት ቀን እንደፈጀ መዝግቡ። የጽዳት ሠራተኛዋን አስገቡና አልጋ ታንጥፍ፣ መታጠቢያውን ታጽዳ። ሶኬቱ ከአልጋው ጀርባ ተደብቆ እንደሆነ የምትነግራችሁ እሷ ናት። በአንድ ክፍል ላይ የታረመ ስህተት በ48 ክፍል ላይ አይደገምም።

5. ውሃውንና መብራቱን ለዩ

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ ይህ ነው። ከመስበር በፊት ነው የሚሠራው።

ብዙ ሆቴሎች ውስጥ ውሃ የሚዘጋው ከአንድ ቦታ፣ ከሮቶው ሥር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ቧንቧ ለመቀየር ሕንፃው በሙሉ ይዘጋል። እንግዳ ፀጉሩ ላይ ሳሙና እንደያዘ ውሃ ይጠፋበታል። ስለዚህ በየፎቁ አንድ አንድ ጌት ቫልቭ (የውሃ መዝጊያ) አስገቡ። ለቀዝቃዛውም ለሙቁም። ከተቻለ በየክፍሉ። አንድ ቀን ያስቸግራችኋል፤ ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ያሳርፋችኋል። ከተማው ውሃ በፈረቃ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሳይቱ የራሱ ሮቶ ይኑረው። ሲሚንቶ ማቡኪያው ከእንግዳው ሻወር ጋር አይሻማ።

አሮጌ ብረት ቧንቧ ያለው ሕንፃ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክፍል 401፣ 301፣ 201 እና 101 ብዙ ጊዜ የውሃና የፍሳሽ መስመር የሚያገኙት በአንድ ሻፍት፣ ማለትም ቧንቧ ከላይ እስከ ታች በሚያልፍበት ክፍተት ነው። ዋናውን ቧንቧ ከነቀላችሁ ከላይ እስከ ታች አራቱም ይሞታሉ። መፍትሔው አዲሱን ቋሚ ቧንቧ ከአሮጌው ጎን መዘርጋት ነው። አንድ ፎቅ ሲታደስ ወደ አዲሱ ይዞራል። ያልታደሰው በአሮጌው ይቆያል። አሮጌው የሚነሳው የመጨረሻው ፎቅ ሲያልቅ ነው። ሻፍቱ ጠባብ ሆኖ ይህ ካልተቻለ ግን ፎቅ በፎቅ የሚለውን ተዉት። በመስመር፣ ከላይ እስከ ታች እየዘጋችሁ ሥሩ።

ስለ ፍሳሽ አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። 3ኛ ፎቅ ላይ የቀን ሠራተኛው የሲሚንቶ ባልዲውን ሻወር ቤት ውስጥ አጠበ። ሌላ ማጠቢያ ቦታ ማንም አላሳየውም ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሲሚንቶው ወርዶ የፍሳሽ ቧንቧው ክርን ላይ ደረቀ። ሌሊት 2ኛ ፎቅ ላይ ያረፉ አባት ከአልጋ ሲወርዱ እግራቸው ውሃ ውስጥ ገባ። ግድግዳ ሰብረን ነው ያወጣነው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምናደርገው አንድ ነው። የሽንት ቤቱንም፣ የወለሉንም፣ የሲንኩንም ፍሳሽ በጨርቅና በላስቲክ ደፍነን እናሽጋለን። ባልዲ የሚታጠበው ግቢ ውስጥ በተዘጋጀ በርሜል ብቻ ነው።

መብራቱም እንዲሁ። ለሳይቱ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ከማከፋፈያው አውጡለት። ግራይንደርና የብየዳ ማሽን ከክፍል ሶኬት ላይ አይሰኩ። የሳይቱ ብሬከር ሲወርድ የሆቴሉ ፍሪጅና ኢንተርኔት አብሮ መጥፋት የለበትም።

6. መንገዱን ለዩ

ሠራተኛው የሚገባበት በር፣ የሚወጣበት ደረጃ፣ ዕቃ የሚወርድበት ቦታ ከእንግዳው የተለየ ይሁን። ሁለተኛ ደረጃ ካለ ለዚህ ሥራ አውሉት፤ ግን የአደጋ መውጫም ከሆነ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ አይቀመጥበት። ሊፍቱ አንድ ብቻ ከሆነ ለሳይቱ በሰዓት ስጡት። እንግዳ ቼክ አውት አድርጎ ከወጣ በኋላ፣ አዲሱ ሳይገባ። ግድግዳውን በፓነል፣ ወለሉን በምንጣፍ ሸፍኑ። ፍርስራሽ በጆንያ ታስሮ ይውረድ፤ መኪናው ጠዋት በማለዳ ወይም ከምሽት በፊት ያንሳው።

ለሠራተኛው ሽንት ቤት፣ ምሳ መብያና ልብስ መቀየሪያ አዘጋጁለት። ይህን ያላገኘ ሰው የሎቢውን ቢጠቀም አትፍረዱበት። መታወቂያ ይንጠልጠልለት። ስሙን ጠርታችሁ ሰላም በሉት፤ ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ለቤታችሁ ነው።

ማስተር ቁልፍ ለኮንትራክተር አይሰጥም። በምንም ምክንያት። የተዘጋውን ፎቅ ቁልፍ ለይታችሁ ስጡ፤ ማታ ማታ ቆጥራችሁ ተረከቡ።

ውጭው ግድግዳ ላይ መወጣጫ ሲቆም ሌላ ጥንቃቄ አለ። በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሕንፃ ፊት ያደሱ ብዙ ናቸው። የባሕር ዛፍ መወጣጫው በእንግዳው መስኮት ፊት ነው የሚያልፈው። እዚያ ላይ የቆመ ሰው ክፍሉን ያያል። ማታ ደግሞ ሌባ ሊወጣበት ይችላል። በዚያ በኩል ያሉትን ክፍሎች አትሽጡ። ካልተቻለ ለእንግዳው ሲገባ ንገሩት፤ መስኮቱ በትክክል መቆለፉን አረጋግጡ፤ የሌሊት ዘበኛ ጨምሩ።

7. የድምፅ ሰዓት

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት። የሚጮኸው ሥራ በዚህ ውስጥ ብቻ ይሁን። ከዚያ በፊትና በኋላ መቀባት፣ መለካት፣ ዕቃ ማስተካከል ይቻላል። ቅዳሜ ጸጥ ያለ ሥራ። እሑድ ምንም።

ይህ ሰዓት ለነጋዴና ለስብሰባ እንግዳ ይሠራል፤ ቀን ውጭ ነው የሚውለው። ቦሌ አካባቢ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ በረራ የሚገባው ሌሊትና ጠዋት ነው። ትራንዚት እንግዳና የበረራ ሠራተኛ ቀን ነው የሚተኛው። ሌሊቱን ሙሉ አየር ላይ ያደረ ሰው ጋደም ሲል ድሪል ከተነሳበት ምንም ቅናሽ አያስደስተውም። ለእነዚህ እንግዶች ከሳይቱ በጣም የራቁ ክፍሎችን መድቡ። ስማቸውንና ክፍላቸውን ጠዋት ጠዋት ለፎርማኑ የምትሰጡት ዝርዝር ላይ ጻፉ።

ይህን ሁሉ ውሉ ላይ አስገቡት። ሪሴፕሽኑ "አቁሙ" ሲል ድሪሉ እንዲቆም፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ያህል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማስቆም እንደሚቻል ይጻፍ። ክፍያውም በመቶኛ ሳይሆን አልቆ በተረከባችሁት ክፍል ይሁን። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ሁሉንም ክፍል ከፍቶ አንዱንም አይጨርስም።

8. አቧራና ሽታ

በኮሪደሩ ላይ ሁለት መጋረጃ አቁሙ፤ ወፍራም ላስቲክ፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት። ሰው አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። በሳይቱ በኩል መስኮት ላይ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ግጠሙ። አየሩ ከሆቴሉ ወደ ሳይቱ ይሳባል እንጂ አቧራው ወደ እንግዳው አይመጣም። ይህ ርካሽ ነገር ነው፤ ከምንም በላይ ይሠራል።

ሴራሚክ በውሃ ይቆረጥ። ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ከሁሉ የከፋው አቧራ ይነሳል፤ በዚያ ቀን በሮችን በቴፕ አሽጉ። ለውስጥ ቀለም በውሃ የሚበጠበጠውን ምረጡ። ቫርኒሽና ዘይት ቀለም ያለው በርና ቁም ሣጥን ሌላ ቦታ ተቀብቶ ደርቆ ይምጣ። የቆየ ሕንፃ ከሆነ ኮርኒሱ ወይም የጣሪያው ክዳን አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) ሊሆን ይችላል። ከጠረጠራችሁ አትስበሩት፣ አትቁረጡት፤ መጀመሪያ በባለሙያ አስመርምሩት።

9. እሳት

ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ምን ያህል እንደተጎዳ ፒያሳን የሚያውቅ ሁሉ ያስታውሰዋል። እንጨት፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ ያለበት ቤት እንዲህ ነው። የተኛ ሰው ያለበት ሕንፃ ውስጥ ብየዳ ሲሠራ ቀልድ የለም።

ብየዳ ያለ ዕለታዊ ፈቃድ ወረቀት አይጀመር። አጠገቡ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይቁም። ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ 1 ሰዓት እዚያው ይቆይ፤ ፍንጣሪ ቀስ ብሎ ነው የሚያያዘው። ጭስ ጠቋሚዎቹ በአቧራ እንዳይጮኹ ቀን ቢሸፈኑም ማታ ይገለጡ። የገለጠው ሰው ይፈርም። ቀለምና ቲነር (የቀለም ማቅጠኛ) ሕንፃው ውስጥ አይደር።

10. ለእንግዳው ቀድማችሁ ንገሩ

እንግዳ የተነገረውን ድምፅ ይታገሣል። ያልተነገረውን ግን እንደ መታለል ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ክፍል ሲያዝ፣ ከመምጣቱ ሦስት ቀን በፊት፣ እና ሪሴፕሽን ላይ ሲደርስ ይነገረው። ቡኪንግ ዶት ኮምና ሌሎች ገጾች ላይም በግልጽ ይጻፍ፤ የተዘጉት ክፍሎች እዚያ ላይ መዘጋታቸውን በየቀኑ አረጋግጡ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

"4ኛ ፎቃችን እየታደሰ ነው። ድምፅ ሊሰማ የሚችለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ነው። ቀን የሚያርፉ ከሆነ እባክዎ ይንገሩን፤ ራቅ ያለ ክፍል እናዘጋጅልዎታለን።"

ለውጭ አገር እንግዳ ስትጽፉ ሰዓቱንም ቀኑንም በእሱ አቆጣጠር አድርጉት። "ከ4 እስከ 9" የሚለውን እንዳለ ከተረጎማችሁት በሌሊት ወይም በምሽት እንደምትሰብሩ ነው የሚገባው።

ለሁሉም እንግዳ ቅናሽ አትበትኑ። ጸጥ ያለ ክፍል ይበልጣል። ቅሬታ ይዞ የወረደ ሰው ሲኖር ግን ሪሴፕሽኑ ሥራ አስኪያጅ ሳይጠብቅ ክፍል የመቀየር ሥልጣን ይኑረው።

11. ሠራተኞቻችሁን አትርሱ

ክፍል ሲቀንስ ሰርቪስ ቻርጅ ይቀንሳል። ቲፕ ይቀንሳል። አስተናጋጅና የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ የሚኖሩት በደሞዝ ብቻ አይደለም። ይህን ሳትነጋገሩ ከጀመራችሁ ምርጥ ሠራተኞቻችሁ በሁለተኛው ወር ሌላ ሆቴል ያገኛሉ። ከመጀመሩ በፊት ሰብስቧቸው። በየትኛው ወር ስንት ክፍል እንደሚዘጋ አሳዩአቸው። የዓመት ፈቃድ በዚያ ጊዜ እንዲወጡ አድርጉ። ለቀሩት ባለፈው ዓመት በዚያው ወር ካገኙት ጋር የሚቀራረብ ድጎማ ብትመድቡ ከእድሳቱ በጀት ትንሽ ነው የሚወስደው።

12. ክፍሉን መልሳችሁ ስትረከቡ

ቧንቧው በግፊት ሳይፈተሽ ሴራሚክ አይለጠፍም። ውሃ መከላከያው ከተቀባ በኋላ ፍሳሹን ደፍናችሁ ወለሉን ውሃ ሙሉት፤ 24 ሰዓት ይደር። ከሥሩ ያለውን ኮርኒስ እዩ። ጠብታ ካለ ያኔ ነው የሚታረመው።

ክፍሉ ሲያልቅ ሳምንት ያህል መስኮቱ ተከፍቶ ይዋል። ቆሞ የነበረውን ውሃ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች አፍስሱ። በቧንቧ ውስጥ ለብ ብሎ ሳምንታት የቆየ ውሃ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል። ለተዘጉ ግን ገና ላልተሰበሩ ክፍሎችም በየሳምንቱ እንዲህ አድርጉ።

ከዚያ አንድ የራሳችሁ ሰው ይደርበት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገብቶ ጠዋት ይውጣ። ሻወር ይውሰድ፣ መጋረጃ ይዝጋ፣ ስልኩን ይሰካ፣ ቴሌቪዥን ይክፈት። የሚንቋቋውን በር፣ ዓይን ውስጥ የሚገባውን መብራት፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ወረቀት ላይ ጽፎ ይውረድ። ኮንትራክተሩ ያን ዝርዝር ሳይጨርስ የዚያ ክፍል ገንዘብ አይወጣም። የፎቁ አሥራ ሁለቱም ክፍሎች ሲያልቁ የኮሪደሩን ላስቲክ አውርዳችሁ አንድ ፎቅ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።